በጾም ባዶ የዋለው ፍሪዘር

በ2012 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ካምፓላ በኮሮና ስትዘጋ፣ እኔ አንድ ጥቁር ድንጋይ በኪሴ ይዤ ካምዎክያ የሚባል ሰፈር ቀረሁ። ድንጋይ የምለው ለማሳጠር ነው። የኮት ቁልፍ የሚያህል ክብ ነገር ሲሆን፣ ላንታነም፣ ካልሲየምና ማንጋኒዝ ያለባቸውን ዱቄቶች መዝኜ፣ ፈጭቼ፣ በመጭመቂያ ጠፍጥፌ፣ ሸክላ ከሚተኮስበት በላይ በሆነ ሙቀት ያበሰልኩት ነው። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት እርስ በርሳቸው የተጣበቁ የጥቃቅን ክሪስታሎች ክምር ነው። ዩኒቨርሲቲው እንዲዘጋ በታዘዘበት ጠዋት ከእቶን አወጣሁት። ዘበኛው በየበሩ እያንኳኳ «ውጡ» ሲል ገና አልለካሁትም ነበር። በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት፤ ሁለት መልቲሜትር፣ ቀጫጭን ሽቦና ሽቦ የሚያጣብቅ የብር ቀለም ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩ። ለዘበኛው ፈቃድ አለኝ አልኩት። ነበረኝም፤ ብቻ አማካሪዬ የፈቀዱልኝ በስልክ፣ ደረጃውን እየወረድኩ ሳለሁ ነው።

ይህ ድንጋይ ማንጋናይት ከሚባሉት ወገን ነው፤ ጠባያቸው ደግሞ ለሰሚው ግራ ነው። እንደ ቤት ውስጥ ባለ ሙቀት ኤሌክትሪክን እያንገራገረ ነው የሚያሳልፈው፤ ማግኔት ቢያስጠጉበትም ዞር ብሎ አያይም። ሲያቀዘቅዙት መጀመሪያ ይብስበታል፤ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ እየጨመረ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድንገት ሐሳቡን ይለውጣል። እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል፤ እዚያው ላይ ማግኔት ይስበው ጀመር። ሁለቱ ነገሮች ምን አገናኛቸውና አብረው ይመጣሉ? ደብረ ብርሃን ላይ ደህና የመምህርነት ሥራ ይዤ ከተቀመጥኩበት ነቅሎ ካምፓላ ያመጣኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ለሰው ሳስረዳ የድግስ ዳስ እጠራለሁ። በተጨናነቀ ዳስ ውስጥ ሳህን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል እንበል። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ አንድ ወገን ካዞረ ሳህኑ እዳር ድረስ ይደርሳል። አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ኋላ ዞሮ ወሬ ከያዘ ግን ሳህኑ መሃል ላይ ይቀራል። ተጋባዦቹ የማንጋኒዝ አቶሞች ናቸው፤ ሳህኑ ኤሌክትሮን ነው። ሲቀዘቅዝ አቶሞቹ ፊታቸውን ያስተካክላሉ፤ ያን ጊዜ ማግኔት ይሆናሉ፣ ሳህኑም ያልፋል። ካልሲየሙስ ምን ይሠራል ላለኝ፣ ባዶ እጁን የቆመ ተጋባዥ የሚያመጣው እሱ ነው እለዋለሁ። ሁሉም ሳህን ከያዘ ማን ይቀበላል?

ችግሩ እኔ ያበሰልኩት ይህን ያድርግ አያድርግ አለማወቄ ነበር። እቶኑ ቀስ ብሎ እየቀዘቀዘ ሳለ መብራት ሄዶ መጥቷል። ከእሱ በፊት ያበሰልኳቸው ደግሞ ተሰነጣጥቀው ተጥለዋል። አማካሪዬ ቁጥብና ጨዋ ኡጋንዳዊ ናቸው፤ ቤት ከገባን በኋላ ደወሉልኝ። የነጻ ትምህርቱን የሚከፍለው ክፍል ማን ይቀጥል፣ ማን ይቁም የሚለውን ከእናንተ ፋሲካ በኋላ ሊወስን ነው አሉኝ። «አንድ የሚሠራ ናሙና ካለሽ እከራከርልሻለሁ። ከሌለሽ ግን ምን ብዬ?»

በዚያው ሰሞን ወደ አገሩ መመለስ ለሚፈልግ ሐበሻ ልዩ በረራ እንደሚዘጋጅ ተነገረ። የተመዘገበ ሰው ከስቅለት በፊት ቁርጡን ማሳወቅ ነበረበት። እናቴ በየማታው ከደብረ ብርሃን ትደውላለች። «ነይ ልጄ፤ ድንጋይ እንደሆነ እዚህም ሞልቷል» ትለኛለች። ናፍቃኝ ነበር፤ ፈርቼም ነበር፤ ተመዘገብኩ። ከዚያ ለራሴ ቆረጥኩ፦ ድንጋዩ ከሠራ እቀራለሁ፣ ካልሠራ እሄዳለሁ። ባልተለካ ናሙና ዶክተር እሆናለሁ ብሎ መቀመጥ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የምኖረው እትዬ ግቢ ነበር። እትዬ የምላቸው የሐበሻ ምግብ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል አከራይተውኛል። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ ካምፓላ ላይ ያረጁ፣ ሉጋንዳን በአማርኛ ቁጣ የሚናገሩ ሴት ናቸው። በጾም ቀልድ አያውቁም። የቅበላ ዕለት የተረፈውን ሥጋ ለጎረቤት ያድላሉ፤ በማግስቱ ትልቁን ፍሪዘር በሳሙናና በሎሚ አጥበው፣ ከሶኬት ነቅለው፣ ክዳኑን በማማሰያ ደግፈው ይተዉታል። እስከ ፋሲካ ሰሞን ምንም አይገባበትም። ኡጋንዳውያን ደንበኞቻቸው ሳይቀሩ ለምደውታል፤ «ጾም ነው» ሲሏቸው ሳይከራከሩ በያይነቱ ያዛሉ። ያን ጊዜ ደግሞ ተቀምጦ መብላት ስለተከለከለ ሰው በር ላይ ተቀብሎ ነበር የሚሄደው።

አንድ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስገባ ማማሰያው የደገፈው ክዳን ላይ ዐይኔ አረፈ። መጻሕፍቱ እንደሚሉት የእኔ ዓይነቱ ማንጋናይት ሐሳቡን የሚለውጠው ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ አካባቢ ነው። በላቦራቶሪ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነበረን፤ አሁን እሱ የማይታሰብ ነው። ደህና የሥጋ ፍሪዘር ግን ሃያን ያልፋል። ባልዲዬን አስቀምጬ ሮጥኩ።

«እትዬ፣ ፍሪዘሩን ለጥናቴ ያበድሩኝ።»

«ምን ልትከቺበት?»

ድንጋዩን ሰጠኋቸው። ገለባበጡት፤ አሸተቱት። «የፍስክ ነገር የለበትም?»

«የለበትም።»

«ለማጣበቂያ እንኳ እንቁላል ምናምን?»

«ኧረ እትዬ፣ ዱቄት ብቻ ነው።»

«በይ እሺ። ግን እስከ ጸሎተ ሐሙስ ነው። ከዚያ ወዲያ የፋሲካ ሥጋ አስገባበታለሁ። ዘንድሮ ሰው ተቀምጦ ባይበላም ይዞ ይሄዳል። የሰው ፋሲካ በእኔ ድንጋይ... በአንቺ ድንጋይ ምክንያት እንዲቀር አልፈልግም።»

በዚያው ቀን ሽቦዎቹን በብር ቀለሙ አጣበቅኩ። ድንጋዩን አፈ ሰፊ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አስገብቼ ፍሪዘሩ ወለል ላይ አስቀመጥኩት፤ ሽቦዎቹን በክዳኑ ጠርዝ አሳልፌ ውጭ ካሉት መልቲሜትሮች ጋር አገናኘሁ። አንዱ ሙቀቱን ያሳያል፣ ሌላው ተቃውሞውን። ከዚያ ፍሪዘሩን ሰክቼ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

ሙቀቱ ሲወርድ ተቃውሞው ይወጣል። ይህ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ አሁንም አሁንም ግን ደስ ይለኝ ነበር። ዜሮ ላይ ደረሰ፤ አለፈ። ተቃውሞው ወጣ። ከዜሮ በታች አሥር ላይም ወጣ። ሃያ ላይ ወደ መልቲሜትሩ ተጠጋሁ። ወጣ። ፍሪዘሩ የመጨረሻ አቅሙን አውጥቶ ሃያ አራት ደረሰና እዚያው እያጓራ ቆመ፤ ተቃውሞውም መውጣቱን ቀነስ አደረገ እንጂ አልተመለሰም። በማግስቱም ሞከርኩ። በሦስተኛው ቀን የፍሪዘሩን ክዳን በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ያው ነው።

እትዬ በየጠዋቱ ሽሮ እያማሰሉ ይጠይቁኛል። «ዛሬስ ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

«እንዳንቺ እልከኛ ነዋ።»

መጀመሪያ ለመሳቅ ያህል ነበር የሚጠይቁኝ። ውሎ አድሮ ግን ጥያቄያቸው እየከበደ መጣ። ድንጋዩ መብረዱን በምን ያውቃል? ውጩ ብቻ ነው የሚለወጠው ወይስ ውስጡም? ካሞቁት በኋላስ የሆነውን ያስታውሳል? የመጨረሻው ጥያቄ ሁለት ቀን ሲያሳስበኝ ሰነበተ። አንዳንድ ማንጋናይቶች በእርግጥም ያስታውሳሉ፤ ማግኔት አስጠግተውባቸው ቢያነሱትም ወደ ነበሩበት ሙሉ በሙሉ አይመለሱም። ይህን ስነግራቸው ማማሰያውን ይዘው ቆመው ቀሩ፤ ሽሮው ገነፈለ።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። በሕማማት እንደ ወጉ ተጨባብጦ ሰላምታ የለም፤ ዘንድሮ ግን የካምፓላ ሕዝብ በሙሉ ከእኛ ቀድሞ ሰላምታ አቁሟል። ጎረቤቶቻችን የእነሱን ፋሲካ እሑድ አክብረው ነበርና ሰኞ ጠዋት የተረፈው የጥብስ ሽታ በአጥር እየዘለለ ይመጣል። እትዬ «ይፈትኑን እንጂ» እያሉ በራቸውን ይዘጋሉ። እኔ ደግሞ ሌላ ፈተና ላይ ነበርኩ። የተቃውሞውን ቁጥሮች ካርቶን ላይ ነጥብ በነጥብ ሳስቀምጣቸው መስመሩ እላይ ላይ ጎበጥ ማለት ጀምሯል። ያ ጉብጠት የመታጠፊያው ዋዜማ ሊሆን ይችላል፤ የምኞቴ ሥዕልም ሊሆን ይችላል። ለማወቅ ከፍሪዘሩ የበለጠ ቅዝቃዜ ያስፈልገኝ ነበር፣ ከሐሙስ በፊት።

ከሁሉም ከባድ የነበረው የማክሰኞው የእናቴ ጥያቄ ነው። «ለበረራው እሺ አልሻቸው?» አለችኝ። «ሐሙስ እነግርሻለሁ» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ለምን እንዳለቀስኩም በደንብ አላውቅም ነበር። መሄዱንም መቅረቱንም እኩል ፈልጌው ነበር።

ሐሳቡ የመጣልኝ ግድግዳ ላይ ያለውን የእሳት ማጥፊያ ሳይ ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘውን ዓይነት ማጥፊያ አፉን በጨርቅ ከረጢት አስሮ ሲለቀው አይቻለሁ። ጋዙ ሲወጣ በረዶ ሆኖ ከረጢቱን ይሞላዋል፤ ውሃ ከሚረጋበት በጣም የባሰ ቀዝቃዛ፣ ደረቅ በረዶ። የእትዬን ማጥፊያ አውርጄ ገልብጬ አየሁት፤ ዱቄት የሚረጨው ዓይነት ነው፣ አይሆንም። ሐሳቤን ግን ነገርኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ» አሉኝ። «ቢፈነዳስ?»

«በግቢው መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የማደርገው። ጓንት አደርጋለሁ።»

«እኔስ የት ልሁን?»

«ከፈሩ ኩሽና።»

«ማን ፈራ?» አሉ ተቆጥተው።

ኢንዱስትሪያል ኤሪያ የእሳት ማጥፊያ የሚሞላ ሥራ ቤት አለ። ደወልኩላቸው፤ የምፈልገውን ዓይነት ሊያውሱኝ ተስማሙ። ማን ያምጣው? ቦዳ የሚባለው የሞተር ታክሲ ዕቃ እንጂ ሰው መጫን ተከልክሏል። የሰፈራችን ቦዳ ነጂ፣ የስድስት ልጆች አባት፣ ብቻውን ሄዶ ሊያመጣልኝ ረቡዕ ወጣ። ዝናብ ያዘውና ሲሊንደሩን የዝናብ ልብሱን አልብሶ ከኋላው አሰረው። ታዲያ ከሩቅ ሲያዩት ሰው ያፈናጠጠ ይመስላል፤ ኬላ ላይ ፖሊስ አስቆመው። «ውረድ» ይለዋል ፖሊሱ የዝናብ ልብሱን። ነጂው ሲያወራልን በሳቅ ፈረሰ። «ሴቦ፣ ጌታዬ፣ ይሄ ሰውዬ እግር የለውም፣ እንዴት ይውረድ?» ብሎ ገለጠለት። ሁላችንም ሳቅን። ያን ሰሞን እንደዚያ የሳቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሐሙስ እትዬ ከማለዳ ጀምሮ ጉልባን ሲቀቅሉ ዋሉ። ከቀትር በኋላ ድስቱን ከድነው፣ ነጠላቸውን አገልድመው ግቢው መሃል መጡ። እኔ አፈ ሰፊ የምግብ ፔርሙዝ አዘጋጅቻለሁ። ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁትን ክብ ማግኔት ቅዝቃዜውን እንዳይሰርቅብኝ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሬዋለሁ። የትራስ ልብስ አጥፌ በማጥፊያው ቀንድ መሰል አፍ ላይ ጠመጠምኩና መያዣውን ጨመቅኩት። ጩኸቱ የጎረቤት ዶሮዎችን በተናቸው። ነጭ ጢስ ግቢውን ሞላው፤ እትዬ «በስመ አብ!» ብለው ወደ ኋላ ሄዱ፣ ግን ኩሽና አልገቡም። ከረጢቱን ስከፍት ስኳር የመሰለ በረዶ ተቆልሎበታል። ፔርሙዙን ሞላሁት፤ ድንጋዩ ያለበትን ብልቃጥ ከነሽቦው መሃሉ ቀበርኩት።

«እትዬ፣ እርስዎ የሙቀቱን ቁጥር ያንብቡልኝ። እኔ ይኼኛውን አያለሁ።»

ምግብ ሲያዙ እንደሚጣሩት አድርገው ጀመሩ። «አምስት! ዜሮ! ሲቀነስ አራት! ሲቀነስ ዘጠኝ!» ድምፃቸው እስከ መንገድ ይሰማል። እኔ ካርቶኑ ላይ እየጻፍኩ ተቃውሞውን አያለሁ፤ ይወጣል። «ሃያ!» ይወጣል። «ሃያ አምስት!» ፍሪዘሩ ያልረገጠው ቦታ ገባን። «ሠላሳ!» ይወጣል፣ ግን በዝግታ። «ሠላሳ ስድስት!» በጣም በዝግታ። «አርባ!» ቁጥሩ ቆመ። ቆሞ አንዴ ተንቀጠቀጠ። «አርባ ሁለት!» ወረደ። «አርባ አምስት!» እንደገና ወረደ፤ ከዚያ መውረድ ሳይሆን መንሸራተት ሆነ። የጮኸው ማን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር፤ እኔው ነኝ። እትዬ ግን «አምሳ! ዝም በይና ጻፊ፣ አምሳ!» እያሉ ማንበባቸውን አላቋረጡም።

ብልቃጡን አውጥቼ ማግኔቱን ከውጭ በኩል አስጠጋሁት። ድንጋዩ ከነሽቦው ብድግ ብሎ በመስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ስንት ጊዜ በመጽሐፍ ያነበብኩት፣ ለተማሪ በጠመኔ ያስተማርኩት ነገር ነው፤ በዐይኔ ሳየው ግን እንደ ሕፃን አፌን ከፈትኩ። እትዬ ከነመነጽራቸው ብልቃጡ ላይ ተደፉ።

«አሁን ሲሞቅ ይለቃል?»

«ይለቃል።»

ጠበቅን። ቁጥሩን ያነቡ ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ካሉ በኋላ ድንጋዩ ተንሸራቶ ቅጭል ብሎ ወደቀ። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። እንደገና እዚያው አካባቢ ወደቀ። በረዶው እስኪያልቅ ድረስ ሲያስደግሙኝ ቆዩ፤ ጉልባኑም ቀዘቀዘ።

አማካሪዬ ጋ ደወልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያወራሁት፤ እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው ዝቅ ብለው ጠየቁ።

«ታጠፈ?»

«ታጠፈ። ማግኔትም ያዘው።»

«ስንት ላይ?»

«ከዜሮ በታች አርባ።»

«የጠበቅነው ሃያ ነበር።»

«አውቃለሁ።» ያኔ ነው ድንጋጤ የገባኝ። በደስታዬ መሃል፣ ቦታው ላይ አለመታጠፉ ናሙናውን ከጨዋታ ሊያወጣው እንደሚችል ረስቼው ነበር። እትዬ አጠገቤ ቆመው ፊቴን ያያሉ።

«ለምን አርባ ሆነ?» አሉ አማካሪዬ።

«አላውቅም። እቶኑ ሲቀዘቅዝ መብራት ሄዶ ነበር። ኦክስጅን ጎድሎት ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ጎደሎው ደግሞ ሳህን የሚቀበሉትን ባዶ እጆች ይቀንሳል።» የሳህኑን ነገር በእንግሊዝኛ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ለካ ሳላስበው ወጣ።

«የምን ሳህን?» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ሰማኋቸው። «ተይው። ሲደጋገም እዚያው ነው የሚታጠፈው?»

«እዚያው ነው።»

«እንግዲያው ናሙናሽ ይሠራል። አርባ መሆኑ ደግሞ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ያለውን ተማሪ ለማስቆም ይቸገራሉ። እከራከርልሻለሁ፤ አንቺ ብቻ ቅሪ።»

እትዬ ከፊቴ አንብበው ዞር አሉና ፍሪዘሩን ሊያጥቡ ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ እናቴ ጋ ደወልኩ፤ ትንሽ ካሰብኩ እንደማልደውል ስለማውቅ።

«እማዬ፣ ድንጋዩ ሠራልኝ።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ጸሎቴን ሰማ!» ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። በሕማማት እልል አይባልም፤ ረስታው ነው። እልልታው መሃል ላይ ተቋረጠ። የገባት ያኔ ነው።

«እና... በበረራው አትመጪም ማለት ነው?»

«አልመጣም እማዬ።»

ከኋላዋ በግ ሲጮህ ይሰማኛል።

«በግ ገዛችሁ እንዴ?» አልኳት፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«አባትሽ ነው። ለፋሲካ ዶሮው ይበቃናል፣ በጉን ልጄ ስትመጣ ነው የማርደው ብሎ ከሰው ደብቆ ሲቀልበው ከረመ።» አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ከዚያ ስልኩን ከአፏ አርቃ ወደ ጓሮ ተጣራች።

«አንተ! በቃ ቢላዋውን ሳለው፤ በጉ ለእሑድ ነው። ልጅቱ አትመጣም።»